ከላምባ ጋሪ እስከ ማስነሻ ቁልፍ፤ የጆሴፍ ሉካስ ሕይወትና ስሙን የተሸከመው ሽቦ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ በእንግሊዝ አገር የተሠሩትን መኪናዎች እየፈታ የሚያድስ ሙያተኛ አንድ ስም ደጋግሞ ያነባል። ስሙ በማስነሻ ቁልፉ ጀርባ፣ በቦቢናው ቆርቆሮ፣ በዲናሞው አካልና በፊት መብራቱ መስተዋት ላይ ታትሞ ይገኛል። የመኪናው ስም ሞሪስ ይሁን ኦስቲን፣ ጃጓር ይሁን ላንድሮቨር፣ የኤሌክትሪኩ ስም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሉካስ ይባላል። በኢትዮጵያም አሮጌ ላንድሮቨር የጠገነ የጋራዥ ሰው ይህን ስም ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገውም።

ስሙ ግን ሁልጊዜ በክብር አይነሣም። የእንግሊዝ አሮጌ መኪናዎች ወዳጆች ሉካስን የጨለማ ልዑል እያሉ ይቀልዱበታል። የሉካስ ማብሪያ ሦስት ደረጃ አለው፤ እነርሱም ማጥፊያ፣ ማደብዘዣና ብልጭ ድርግም ማድረጊያ ናቸው እያሉ ይሣቃሉ። ዝናብ በዘነበ ማግስት አልነሣም ያለ ሞተር፣ በሌሊት ጉዞ መካከል የጠፋ መብራት፣ ጢስ የወጣው የሽቦ ጥቅል፣ ሁሉም በዚህ ሰው ስም ይከሰሳል። ክሱ ግን አድራሻውን የሳተ ነው። ስሙ የታተመበትን ማስነሻ ቁልፍ ባለስሙ አላየውም፤ ቁልፉ ለገበያ ከመቅረቡ ከብዙ ዘመን በፊት አርፎ ነበርና። እርሱ የኖረው በላምባና በቆርቆሮ ፋኖስ ዘመን ነው። የአንድ ፋኖስ ሠሪ ስም ከመኪናው ሽቦ ጋር እንዴት እንደ ተጣበቀ ማወቅ የሚሻ ሰው ከሕይወቱ መነሣት ይኖርበታል።

ጆሴፍ ሉካስ ኤፕሪል 12 ቀን 1834 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ ተወለደ። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በርሚንግሃም የሺህ ሙያ ከተማ የሚል ቅጽል ያተረፈች ነበረች። አዝራር፣ የብዕር ጫፍ፣ ጠመንጃ፣ ጌጣጌጥ፣ ከብረትና ከናስ የሚሠራ ነገር ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ከተማይቱ እንደ ማንችስተር ባሉ ግዙፍ የጥጥ ፋብሪካዎች የምትታወቅ አልነበረችም፤ ኑሮዋ ጥቂት ሰዎች ጎንበስ ብለው በሚሠሩባቸው ትንንሽ የእጅ ሥራ ቤቶች ላይ የቆመ ነበር። በእንዲህ ያለ ስፍራ ድኻ ሰው እጁ ከሠራ ባለቤት መሆን ይችላል፤ በዚያው ልክም ሥራ ሲቀዘቅዝ በአንድ ሳምንት ከመንገድ ላይ ይወድቃል። ሉካስ ሁለቱንም አይቷል።

በልጅነቱ ኤልኪንግተን በተባለው የብር ዕቃ ድርጅት ሙያ ለመማር ገባ። ይህ ድርጅት ርካሹን ብረት በኤሌክትሪክ ኃይል የብር ልባስ የማልበስን ጥበብ በሰፊው ለንግድ በማዋል ከቀደምቶቹ አንዱ ነበር። ኤሌክትሪክ በሚሠራበት ቤት ሙያውን የጀመረው ልጅ እንጀራውን ያገኘው ግን በላምባ መሆኑ የታሪክ ፈገግታ ነው። በሃያ ዓመቱ ገደማ ትዳር መሠረተ፤ የበኩር ልጁ ሃሪ በ1855 ተወለደ።

በ1860 ገደማ ሉካስ ሥራ አጥቶ ነበር። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነውና ሥራ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም። በእጅ የሚገፋ ጋሪ አበጀና ሆክሊ በተባለው የከተማው ሠፈር ጎዳና ለጎዳና እየዞረ ላምባ መሸጥ ጀመረ። ምርጫው ብልህነት ነበረበት። ላምባ በዚያ ጊዜ አዲስ ሸቀጥ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ያንግ ከድንጋይ ከሰል የመብራት ዘይት የማውጣቱን ዘዴ በ1850 አስመዝግቦ ነበር፤ በአሜሪካም በፔንሲልቫኒያ በ1859 የመሬት ዘይት ከጉድጓድ መቀዳት ጀመረ። ከዚያ በፊት ድኻው በጮማ ሻማ፣ ሻል ያለው በዓሣ ነባሪ ወይም በጎመን ዘር ዘይት ነበር የሚያበራው። አዲሱ ዘይት ርካሽ ነው፣ ብርሃኑም ደማቅ ነው፤ የሚቀረው ወደ ደንበኛው ደጃፍ የሚያደርሰው ሰው ብቻ ነበር። ሉካስ ያ ሰው ሆነ።

ላምባ የሚሸጥ ሰው ከዘይቱ ይልቅ ስለ ዕቃው ብዙ ይማራል። ማሰሮው ያፈሳል፣ መቅጃው ይንጠባጠባል፣ ፋኖሱ ይጨሳል፤ ደንበኛውም ሻጩን ይወቅሳል። ጋሪው ቀስ በቀስ ሱቅ ሆነ፣ ሱቁም የቆርቆሮ ሥራ ቤት ተጨመረለት። ከቀጠቀጠና ከተጣጠፈ ቆርቆሮ ባልዲ፣ ማፈሻና የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ ይሠራ ነበር። በ1872 ገደማ ልጁ ሃሪ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ሥራ ገባ። በ1875 የመርከብ ፋኖስ መሥራት ጀመሩ፤ በመርከበኛ ስም ቶም ቦውሊንግ ብለው የጠሩትን ይህን ፋኖስ መሠረት አድርገው የሥራ ቤቱንም በዚያው ስም ሰየሙት። መርከብ ላይ ፋኖስ ጌጥ አይደለም። በንፋስና በማዕበል መካከል ቢጠፋ መርከብ ከመርከብ ይጋጫል። ሉካስ ብርሃንና ኃላፊነት የተያያዙበትን ሥራ የለመደው በዚህ ነው።

ስሙን በአገሩ ሁሉ ያሰማው ግን ብስክሌት ነው። በ1870ዎቹ የእንግሊዝ ጎበዞች የሚጋልቡት ብስክሌት የፊት ጎማው እንደ ሰው ቁመት ከፍ ያለ፣ የኋላው ትንሽ የሆነ ነበር። ጋላቢው ከጎማው አናት ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ፋኖስ የት ይታሰር? ከመሪው ላይ ቢሰቀል ከመሬት እጅግ ይርቃል፤ በእያንዳንዱ ጎርባጣ እየተወዛወዘ ይጠፋል፤ ጋላቢው በግንባሩ ሲወድቅ ደግሞ (መውደቁም የተለመደ ነበር) ላምባው ከነእሳቱ አብሮት ይወድቃል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ሉካስ ያወጣው ፋኖስ በጎማው ውስጥ፣ በሽቦ ዘንጎቹ መካከል፣ ከመሽከርከሪያው ማዕከል ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀመጥ ነበር። ጎማው ሲዞር ፋኖሱ በገዛ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ብርሃኑ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ጉድጓዱም ጥላ ጥሎ ይታያል። አስቸጋሪው ነገር የአየሩ ነበር፤ እሳቱ እንዲነድ አየር መግባት አለበት፣ እሳቱ እንዳይጠፋ ነፋስ መግባት የለበትም። የቆርቆሮ ሠሪው ጥበብ ሁሉ ያረፈው ነፋሱን በሚያጥፉትና አየሩን በሚያሳልፉት ቀዳዳዎች አሠራር ላይ ነው። ለዚህ ፋኖስ ቤተሰቡ ያወጣለት ስም የመንገድ ንጉሥ የሚል ነበር። ስሙ ትዕቢት ቢመስልም በሽያጩ ተረጋገጠ፤ በኋላ ዘመንም የድርጅቱ ዋና የንግድ ምልክት ሆኖ ከብስክሌት ወደ መኪና ፋኖስ ተሻገረ።

በ1882 ድርጅቱ ጆሴፍ ሉካስና ልጁ ተባለ። የመጀመሪያው ሥራ ቤት በሊትል ኪንግ ጎዳና ነበር፤ ቆይቶ በዚያው አካባቢ በግሬት ኪንግ ጎዳና ትልቁ ፋብሪካ ተሠራ። በ1888 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ብስክሌትን እንደ ሠረገላ ቈጥሮ በሌሊት ፋኖስ የሌለው ብስክሌት በመንገድ እንዳይሄድ ከለከለ። ፋኖስ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ወዳጅ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሊያገኝ አይችልም። በ1890ዎቹ አጋማሽ ብስክሌት መላዋን እንግሊዝ ሲያጥለቀልቅ የሉካስ ፋኖስ፣ ደወል፣ የጎማ መንፊያና ሌላውም ዕቃ አብሮ ተጥለቀለቀ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ድርጅቱ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ሆነ። በጋሪ የተጀመረው ንግድ በዚህ ጊዜ የአንድ ሠፈር ሕዝብ የሚያሠራ ሆኖ ነበር።

ጆሴፍ ሉካስ አልኮል የማይቀምስ ሰው ነበር። በዘመኑ እንደ እርሱ ከታች ወደ ላይ የወጡ ብዙ የእንግሊዝ ባለ ኢንዱስትሪዎች መጠጥን ከድኽነት ጋር አንድ አድርገው ያዩት ስለ ነበር ለዚህ ጉዳይ በግልጽ ይቆሙ ነበር። በሽምግልናው ሥራውን በብዛት ለሃሪ ትቶ ይጓዝ ጀመር። በ1902 መጨረሻ በኢጣልያ አገር በኔፕልስ ከተማ ሳለ በታይፎይድ ታመመ፤ በዲሴምበር 27 ቀን አረፈ። ዕድሜው 68 ዓመት ነበር። በዚያ ጊዜ ድርጅቱ ለመኪናም ፋኖስ መሥራት ጀምሮ ነበር፤ መኪናው ግን ገና የሀብታም መጫወቻ፣ ፋኖሱም በዘይትና በአሴቲሊን ጋዝ የሚነድ ነበር።

እዚህ ላይ የሰውየው ሕይወት ያልቃል፤ የስሙ ሕይወት ይጀምራል። በዚያው በ1902 በጀርመን አገር በሮበርት ቦሽ ሥራ ቤት ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለው መሐንዲስ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጭ ማግኔቶ ሠርቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጀው። መኪና አስተማማኝ ብልጭታ ያገኘው በዚህ ነው። ከዚያ እስከ 1914 የእንግሊዝ መኪናና አይሮፕላን ሞተር በአብዛኛው በጀርመን ማግኔቶ ይነሣ ነበር። ጦርነቱ ሲፈነዳ የእንግሊዝ መንግሥት ከደነገጠባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጠላት አገር ካልላከው በቀር የሠራዊቱ ከባድ መኪና የሚነሣበት ብልጭታ አልነበረም። በአገሩ ውስጥ ማግኔቶ ይሠሩ ከነበሩት ጥቂቶች አንዱ የበርሚንግሃሙ ቶምሰን ቤኔት ድርጅት ነበር፤ ሃሪ ሉካስም በ1914 ይህን ድርጅት ገዛው። ከግዢው ጋር ፒተር ቤኔት የተባለ ብርቱ አስተዳዳሪ መጣ። በዚያው ዓመት የሞሪስ መኪና ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ከሉካስ እንዲወስድ ውል ተደረገ። የጋሪው ባለቤት የልጅ ልጅ ኦሊቨር ሉካስና ፒተር ቤኔት በኋላ ጎን ለጎን ሆነው ኩባንያውን መሩት። በ1926 ሮታክስንና ሲ.ኤ. ቫንደርቬልን ጠቀለሉ። እነዚህ ሁለቱ ተቀናቃኞቻቸው ነበሩ።

የማስነሻ ቁልፍ ታሪክም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በማግኔቶ በሚሠራ ሞተር ቁልፍ ማለት ማጥፊያ ነው። ማግኔቶው ብልጭታውን ራሱ ያመነጫል፤ ቁልፉ ሲዘጋ የማግኔቶውን የመጀመሪያ ጥቅል ከመኪናው አካል ጋር አገናኝቶ ብልጭታውን ያፍነዋል። ስለዚህ ሽቦው ቢበጠስ ሞተሩ አልጠፋም ይላል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ርካሹ የባትሪና የቦቢና ዘዴ በእንግሊዝ መኪናዎች ሲስፋፋ ትርጉሙ ተገለበጠ። አሁን ቁልፉ ከባትሪ ወደ ቦቢና የሚሄደውን ኃይል የሚያሳልፍ በር ሆነ፤ ሽቦው ከተበጠሰ ሞተሩ አይነሣም። የጥንት መኪና የሚያድስ ሙያተኛ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ በቁልፉ ጀርባ የሚገኘው ሽቦ ኃይል የሚሰጥ ነው ወይስ ኃይል የሚያፍን? ይህን ሳይለይ በማግኔቶው ሽቦ ላይ የባትሪ ኃይል የሚልክ ሰው ማግኔቶውን ያበላሻል።

ኩባንያው አብዛኛውን የእንግሊዝ መኪና በእጁ ሲያስገባ ከዚህ የተወለደ አንድ መልካም ነገር አለ። አንድ አቅራቢ ለሁሉም ስለሚሠራ ሽቦው በሁሉም መኪና በአንድ ቋንቋ መናገር ጀመረ። ያ ቋንቋ ቀለም ነው። ቡናማ ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ የመጣ፣ ቁልፍም ሆነ ፊውዝ ያልገደበው ኃይል ነው። ነጭ ሽቦ ከማስነሻ ቁልፉ ያለፈ፣ ፊውዝ ያላገኘው ኃይል ነው። ነጩ ፊውዝ ሲያልፍ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቡናማው ፊውዝ ሲያልፍ ሐምራዊ ይሆናል። ቀይ የትንንሾቹ መብራቶች፣ ሰማያዊ የፊት ዋና መብራቶች ነው። ጥቁር ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው፣ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ የሚባለው ነው። በዋናው ቀለም ላይ የሚሮጥ ቀጭን መስመር ደግሞ የሽቦውን ልዩ ተግባር ይነግራል፤ ለምሳሌ አረንጓዴ ከቀይ ጋር የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ ከነጭ ጋር የቀኝ ፍሬቻ ነው። ይህ ልማድ በ1960ዎቹ በብሪታንያ የደረጃ ድርጅት በመኪና የሽቦ ቀለም ደንብነት ታተመ። ጀርመኖች በቦሽ መሪነት ሌላ መንገድ መርጠዋል። እነርሱ የሚቆጥሩት ሽቦውን ሳይሆን ሽቦው የሚያርፍበትን ስፍራ ነው፤ 30 ከባትሪ የመጣ፣ 15 ከቁልፍ ያለፈ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ የሚሄድ፣ 31 ማሳ ይባላል። የጀርመኑ ቁጥር አይደበዝዝም። የእንግሊዙ ቀለም ግን ከቁልፉ ርቆ በመኪናው ሆድ ውስጥ ሳለም ማንነቱን ይናገራል። ሽቦ በመካከሉ ተቆርጦ ለሚያገኝ ጠጋኝ የእንግሊዙ ይሻላል።

እነዚህ ቀለሞች በማስነሻ ቁልፉ ጀርባ ሲገናኙ ሥርዓታቸው ቀላል ነው። ቡናማው ይመጣል፤ በአንዳንድ ቀደምት መኪናዎች ከዲናሞው መቆጣጠሪያ ሳጥን ስለሚነሣ ሰማያዊ መስመር ይዞ ይመጣል። ቁልፉ በመጀመሪያው እርከን ሲዞር ቡናማው ከነጩ ጋር ይገናኛል፤ ነጩም ወደ ቦቢናው፣ ወደ ፊውዝ ሳጥኑና ወደ ቀዩ የዲናሞ ማስጠንቀቂያ አምፑል ይደርሳል። አምፑሉ የሚበራው በአንድ ወገን ነጩ፣ በሌላው ወገን ቡናማ ከቢጫ ጋር የሆነው የዲናሞው ሽቦ ስለ ያዘው ነው፤ ዲናሞው ሲያመነጭ ሁለቱ ወገኖች ስለሚተካከሉ ይጠፋል። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሲዞር ቀይ መስመር ያለው ነጭ ሽቦ ኃይል ያገኛል፤ ይህም የሞተሪኖውን ማገናኛ ያነሣል። ሬዲዮና መሰል ዕቃ የሚሠራበት አራተኛ ሽቦ ካለ ቀለሙ እንደየፋብሪካው ይለያያል። በ1959 የወጣው የመጀመሪያው ሚኒ ሞተሪኖውን የሚያሽከረክረው ወለሉ ላይ ባለ መጫኛ ነውና በእንዲህ ያለ መኪና ቁልፍ ጀርባ ቀይ መስመር ያለውን ነጭ ሽቦ የሚፈልግ ሰው ሲፈልግ ይውላል።

ችግሩ ቀለሙ ከመኪናው ጋር ማርጀቱ ነው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ የተሠራው ሽቦ ጎማ ለብሶ በላዩ ላይ በተቀለመ ጥጥ የተሸመነ ነበር። ዘይት፣ አቧራና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቡናማውም ነጩም ሐምራዊውም አንድ የአፈር ቀለም ይሆናል። በዚህ ላይ ከዓመታት በፊት የገባ ጠጋኝ በእጁ ያገኘውን ሽቦ ቀጥሎበት ይሆናል። ልባም ሙያተኛ ከዓይኑ ይልቅ በመብራት ይመረምራል። በመጀመሪያ ባትሪውን ፈትቶ ሽቦዎቹን ከቁልፉ ያላቅቃል፤ እርስ በርስ እንዳይነካኩም ጫፋቸውን ይለያያል። መጠቅለያው ጥቂት ቢገለጥ ብርሃን ያልነካው ቀለም ብዙ ጊዜ ከስሩ ይገኛል። ከዚያ ባትሪውን መልሶ ያስርና አንድ አነስተኛ የመኪና አምፑል ሁለት ሽቦ ቀጥሎለት አንዱን ከመኪናው አካል፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ጫፍ ጋር ይነካካል። አምፑሉን የሚያበራው ጫፍ ከባትሪ የመጣው፣ ማለት ቡናማው ነው። ያን ጫፍ ለይቶ በፊውዝ በኩል ከሌሎቹ ጋር በተራ ሲያገናኘው ቀዩን ማስጠንቀቂያ የሚያበራውና የቤንዚን መለኪያውን የሚያንቀሳቅሰው ነጩ ነው። ማርሹ ነፃ ሆኖ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ሳለ ለአፍታ ሲነካ የሞተሪኖውን ማገናኛ ቀጭ የሚያደርገው ቀይ መስመር ያለው ነጭ ነው። ቁልፉ ራሱም ከመኪናው ውጭ በባትሪና በአምፑል ሊመረመር ይችላል፤ በየእርከኑ የትኛው ጫፍ ከየትኛው እንደሚገናኝ ያን ጊዜ ይታወቃል። የእንግሊዝ መኪኖች ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የባትሪውን አዎንታዊ ጫፍ ከአካሉ ጋር ያስሩ ነበር፤ ኤምጂቢ ለምሳሌ የተለወጠው በ1967 ነው። የመመርመሪያው አምፑል ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ ሬዲዮውና ዘመናዊው መለኪያ ግን ያውቁታል፣ ሲገለበጡም ይቃጠላሉ።

የክሱ ፍሬ ነገር የሚገኘውም በዚሁ ቀለም ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ መኪና ሁለት ፊውዝ ብቻ ነበረው። ነጩ ሽቦ ፊውዝ የሌለው በስንፍና አይደለም፤ የዝናብ መጥረጊያው ወይም ክላክሱ ቢበላሽ ሞተሩ እንዳይቆም ተብሎ ነው። ነገር ግን ሽቦው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለ ስለታም ቆርቆሮ ጋር ተፋግጎ ከአካሉ ጋር በተገናኘ ጊዜ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆኖ ጥቅሉን ይዞ ይነድዳል። ይህ የታሰበበት ምርጫ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ መኪናውን የገዛ ሰው ነው። የመገናኛው ጫፍ የዝገት ጉዳይም አለ። ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ጥቁር ሽቦ በዝገት ሲላላ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ባለ መኪናውም ሉካስን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን በብዙ ስፍራ ከቆርቆሮው ዝገት ነው። ይህ ማለት ግን ኩባንያው ነጻ ነው ማለት አይደለም። የመኪና ፋብሪካዎቹ ዋጋ እንዲቀንስ አጥብቀው ይጠይቁ ነበር፤ ሉካስም ተወዳዳሪ አልነበረውምና ከዚያ በላይ ለመሥራት የሚገፋው አልነበረም። ሽቦውን በሁሉም መኪና በአንድ ቋንቋ ያናገረው ያው ብቸኝነት ዕቃውን እንዲሻሻል የሚያስገድደውን ተፎካካሪ አሳጣው። የብሪታንያ የሞኖፖሊ ኮሚሽን በ1963 ስለ መኪና የኤሌክትሪክ ዕቃ አቅርቦት የመረመረውም ይህን የመሰለውን የገበያ ኃይል ነው።

ከ1970ዎቹ በኋላ የእንግሊዝ መኪና ኢንዱስትሪ ሲዳከም ሉካስም አብሮ ተዳከመ። በ1996 ቫሪቲ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በ1999 ደግሞ የተዋሐደውን ድርጅት አሜሪካዊው ቲ.አር.ደብልዩ ገዛው። የአሮጌ መኪና የሽቦ ጥቅል ግን አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። የሚሠሩትም ቡናማውን በቡናማ፣ ነጩን በነጭ፣ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውንም ቀይ መስመር ባለው ነጭ ያደርጉታል፤ ጥንታዊውን ለሚፈልግ ደግሞ እንደ ጥንቱ በጥጥ ሸምነው ያወጡታል።